አያ ታከለና የቼዝ መክፈቻ

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ማራኪ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከፊቴ ተቀምጠው በአንድ ስልክ ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ስልኩን ይቀባበላሉ፤ ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ይሳሳቃሉ። ቀጭኑ ልጅ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ ጣቱን ብቻ እያመላለሰ ጨረሳቸው። ጓደኛው ተገረመ።

"ሳታስብ ነው እንዴ የምትጫወተው?"

"መክፈቻውን በቃሌ ይዤዋለሁ። እስከ ዐሥረኛው እርምጃ ማሰብ አያስፈልግም።"

"እሺ፣ ጳጳሱን ለምን እዚያ አወጣኸው?"

"እኔ ምን አውቄ! እንደዚያ ነው የሚጫወቱት።"

"ወራጅ አለ" ማለት ረስቼ የምወርድበትን አልፌ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድሁ። ረዳቱ "እናት፣ ደርሰናል" ሲለኝ ነው የነቃሁት። የመጋቢት ፀሐይ አናት ይበሳል። የገዛሁትን ሽንኩርት ተሸክሜ ወደ ኋላ በእግሬ ስመለስ፣ ስሙን ጮክ ብዬ ከጠራሁት ብዙ ዓመት ያለፈኝ አንድ ሰው አብሮኝ የሚሄድ መሰለኝ።

አያ ታከለ የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ ወንድም ነው። የተወለደው ድብ ባሕር ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ቀዝቃዛ አገር። አያቴ በሚሊሻነት ወደ ምሥራቁ ጦርነት ዘምቶ በዚያው ሲቀር፣ ታከለ ወላጅ አልባ ልጆች ተሰብስበው ወደ ኩባ ሲላኩ አብሮ ተላከ። ብርኩማና ጎተራ ሲያይ ያደገ ልጅ በአንድ ጊዜ ባሕር ተሻገረ። የሄደው ልጅ ሆኖ ነው፤ የተመለሰው ጎልማሳ ሆኖ፣ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ፣ ሲናደድ በስፓኒሽ የሚሳደብ፣ በቦርሳው ውስጥ የሚታጠፍ የቼዝ ሰሌዳ የማይጠፋ ሰው ሆኖ ነው። ደባርቅ ሥራ ተሰጠው። ለከብት ክትባት ከቀበሌ ቀበሌ በበቅሎ ይዞር ነበር። እኛ ዘንድ ሲመጣ ቤቱ ይሞቃል፤ እናቴ እንኳ፣ ያቺ ሣቅ የሚከብዳት ሴት፣ ትሥቅ ነበር።

እኔ ዐሥራ አንደኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም አባቴ በጭነት ማኪናው ከደባርቅ ይዞት ወረደ። አባቴ ሹፌር ነበር፤ ያንን ጠጠር መንገድ እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ማኪናው ከበራችን ሲቆም አባቴ ቀድሞ ወረደና በሌላው በኩል ዞሮ በሩን ከፈተ። አንድ ሽማግሌ ደግፎ አወረደ። ሽማግሌው ቀና ብሎ "ስመኝ፣ ረዘምሽ" ሲለኝ ነው አያ ታከለ መሆኑን ያወቅሁት። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

በዚያ ዘመን በሽታው ስም አልነበረውም ማለት አይደለም። ስሙን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠራውም። እናቴ ለጎረቤት "ሳንባውን ነው" አለች። ጎረቤትም "እግዜር ይማረው" እያለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ቤታችን ቀሐ ወንዝ አጠገብ ነበር፤ ከጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ተጠርጋ ለእሱ ተሰጠች። እናቴ ሳህኑን፣ ኩባያውን፣ ማንኪያውን ሁሉ ለየች። ምግቡን ለብቻ ትሠራለች፣ በበሩ አጠገብ ካለች በርጩማ ላይ ታኖርለታለች፣ "ታከለ፣ ብላ" ብላ ትመለሳለች። እኔን ደግሞ ማድቤት ውስጥ ክንዴን ጨብጣ፣ "ከእጁ ተቀብለሽ እንዳትበዪ። ሰምተሻል?" አለችኝ። የጣቶቿ ምልክት ክንዴ ላይ እስኪቀር አልለቀቀችኝም። የተቆጣች መስሎኝ ነበር ያኔ።

ቼዙን የጀመርነው ሥራ ስላጣ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከክፍሉ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሰሌዳውን በርጩማው ላይ ዘርግቶ ከራሱ ጋር ይጫወታል። አንድ ቀን "ነይ" አለኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። መጫወቻዎቹ እንዴት እንደሚሄዱ ከዚያ በፊት አሳይቶኝ ስለነበር አውቃለሁ ብዬ ወዲያው አንዷን የጥግ ወታደር ገፋሁ።

"ምነው?" አለኝ።

"ምን ምነው?"

"ይቺን ወታደር ምነው ገፋሻት?"

"እንዲሁ።"

"እንዲሁ የሚባል የለም። መልሻት። አሁን ትመለስልሽ፤ በጨዋታ ግን ወታደር ወደ ኋላ አይመለስም። ፈረስ ቢሳሳት ይመለሳል፣ ግንብ ይመለሳል። ወታደር ከሄደች ሄደች። ስለዚህ ከመግፋትሽ በፊት ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።"

ያን ቀን ከመጀመሪያዋ እርምጃ ሳናልፍ መሸ። በማግስቱም እንደዚያው። የጥግ ወታደር፣ "ምነው?" መልሼ አኖራታለሁ። የፈረሱን መንገድ የምትዘጋ ወታደር፣ "ምነው?" እሷንም እመልሳታለሁ። በመጨረሻ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ወደፊት ገፋሁና፣ "ጳጳሱም ንግሥቲቱም መውጫ ያገኛሉ፤ መሃሉንም ትይዛለች" አልሁ። አያ ታከለ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሣቀ። ከንፈሩ ቆስሎ ስለነበር ሣቁን ቶሎ በእጁ ሸፈነው።

"ሸጋ! አሁን ቼዝ ጀመርሽ።"

ነገሩን የሚያስረዳኝ በምናውቀው አገር ነበር። "መሃሉ እንደ ድብ ባሕር ጋራ ነው፤ እሱ ላይ የቆመ በዚህም በዚያም ያለውን ሸለቆ ያያል" ይለኛል። ፈረሱን አንሥቶ ጥግ ላይ ያቆመውና፣ "ከዚህ ስንት ቤት ይደርሳል? ቁጠሪ። ሁለት። አሁን መሃል አቁሚው። ስምንት። ፈረሱ ያው ነው፤ የቆመበት ቦታ ነው የተለየው።" ንግሥቲቱን ቸኩዬ ሳወጣት ደግሞ በትናንሾቹ እያባረረ ያንገላታትና፣ "አየሽ፣ አንቺ እሷን ስታሸሺ እኔ ቤተሰቤን ሁሉ ከቤት አወጣሁ። መጀመሪያ ሁሉንም አውጪ፤ ጠብ ከዚያ በኋላ ይደርሳል" ይላል። የመክፈቻዎቹን ስም ግን አይነግረኝም። "ስሙን ያወቀ ሰው ነገሩን ያወቀ ይመስለዋል" ባይ ነበር።

እናቴ መጫወቻዎቹን በየቀኑ በሳሙና ታጥባለች፤ አንዳንድ ቀንም በበረኪና። እስከ ዛሬ በረኪና ሲሸተኝ የሚታየኝ ልብስ አይደለም፣ ሰልፍ ይዘው የቆሙ ነጭና ጥቁር ላስቲኮች ናቸው። አያ ታከለ ንጉሡን አንሥቶ ያሸትተውና፣ "ዛሬም ተጠመቅህ?" ይለዋል። እናቴ በበሩ ስታልፍ ግን ዝም ይላል። እንዳታፍር ይመስለኛል።

ጥምቀት ደረሰ። ሰው ሁሉ ታቦቱን አጅቦ በደጃችን ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል፤ ዝማሬው ከግቢያችን ይሰማል። አያ ታከለ ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩን ተደግፎ በቀዳዳ ያይ ነበር። ውጣና እይ አልሁት። "ሰው ታቦት ያይ፤ እኔን ከሚያይ" አለኝ። ከዚያ ተቀመጥንና ፈረሶቹ ወጥተው ጳጳሱ ሰያፉን ይዞ የተቃራኒውን ንጉሥ ጎን የሚያይበትን መክፈቻ አሳየኝ። ጳጳሱ የሚያነጣጥርባት ወታደር ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የላትም።

"እዚህ የሚመጣው ለዚህች ነው። ማንም የማይጠብቃት፣ ንጉሡ ብቻ የሚጠብቃት ስለሆነች። ዛሬ ላትበያት ትችያለሽ። ጠላትሽ ግን ስለሷ ሲያስብ ይኖራል።"

"ስሙ ማነው ይኼ?"

"የጣሊያን ይሉታል" አለና ሣቀ። "እነሱ ያልገቡበት የለም።"

በዚያ ዓመት የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቼዝ ውድድር አደረጉ። ተመዘገብሁ፤ አሸነፍሁ፤ እንደገና አሸነፍሁ። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ ብዙ መክፈቻ ያውቃሉ፤ ግን አንድ ያልጠበቁት እርምጃ ሲመጣባቸው መንገድ እንደጠፋው ሰው ይቆማሉ። እኔ አለመቆሜ ብቻ ነበር ልዩነቱ። አያ ታከለ ማታ እየመጣሁ የምነግረውን ጨዋታ ተኝቶ ይሰማል፤ እጁ ስለሚደክም፣ "ጥቁሩን ፈረስ ወደዚያ አድርጊልኝ" እያለ በቃሉ ያዝዘኛል። ለመጨረሻው ጨዋታ መድረሴን ስነግረው ተነሥቶ ተቀመጠ።

"እመጣለሁ" አለ።

እናቴ ከበሩ ሆና ሰማች። "የት ነው የምትመጣው?"

"አዳራሹ። እታለም፣ አንድ ቀን ነው።"

"ሰው ያይሃል።"

"ያዩኝ።"

"እኔን አያዩኝም ወይ? ይቺን ልጅ አያይዋትም?" ብላ ነጠላዋን እያጣፋች ሄደች። አያ ታከለ ተመልሶ ጋደም አለ። እኔም የሚቀር መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አዳራሹ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው፣ አሮጌ፣ የእንጨት አግዳሚዎች የተደረደሩበት ነው። ተጋጣሚዬ ዳዊት የሚባል ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ ያስተኛ ጨዋ ልጅ ነበር፤ የቼዝ መጽሐፍ አለው ይባልለታል። ነጩ ደረሰኝ። መጫወቻዎቹን ስናስተካክል የአዳራሹ በር ተከፈተና አያ ታከለ ገባ። የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሷል፤ ካፖርቱ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ከቀሐ እስከዚያ ዳገቱን በእግሩ ነው የመጣው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መጣና ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከሰዎች መሃል ተቀመጠ። ላቡን ጠረገ። ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ጭብጦ አወጣ። አፉ ስለቆሰለ እናቴ በሶ እያሸች ጭብጦ ታደርግለት ነበር፤ እሱን ብቻ ነበር መዋጥ የሚችለው።

ጨዋታው ተጀመረ። የንጉሡን ወታደር፣ ከዚያ ፈረሱን፣ ከዚያ ጳጳሱን አወጣሁ። ዳዊት እጁ እንደ ልብስ ስፌት መርፌ ይፈጥናል፤ ይኼን ሁሉ አጥንቶታል። አምስተኛው ላይ እሱ መሃሉ ላይ ግጭት ሲጠብቅ እኔ አንዲት ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፋሁ። ትንሽ፣ ጸጥ ያለች እርምጃ ናት፤ ግን መሃል ያለችውን ወታደሬን ትደግፋለች፣ ለሌላውም ጳጳስ በር ትከፍታለች። ዳዊት እጁ አየር ላይ ቀረ። ወደ ሰሌዳው ጎንበስ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰብ ጀመረ። አያ ታከለ አይቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀና አልሁ።

አግዳሚው ላይ ብቻውን ነበር።

አጠገቡ የነበሩት ተነሥተው ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። ከኋላው ያሉትም እየተነሡ ነው። አንዲት ሴት ልጇን በክንዷ እየጎተተች ወጣች። ማንም አልተሳደበም፤ ማንም ድምፅ አላሰማም። የሚሰማው የአግዳሚዎቹ ሲጢጥ ማለት ብቻ ነበር። ውድድሩን ከሚመሩት አንዱ ሰውዬ መጣና ራቅ ብሎ ቆሞ ጎንበስ አለ።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ውጭ ብትቀመጥ። ሰዉ እየተረበሸ ነው።"

"የእኅቴ ልጅ ናት" አለ አያ ታከለ፤ በጭብጦው እጁ ወደ እኔ ጠቆመ። "መክፈቻውን ብቻ ልይላት።"

"እረዳለሁ። ግን ሰዉን አንተም ታየዋለህ።"

ተነሣሁ። ምን ላደርግ እንደተነሣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዳኛው "ቁጭ በይ፣ ሰዓትሽ ይቆጥራል" አለኝ። በዚያው ቅጽበት እናቴን በሩ ላይ አየኋት። ክፍሉን ባዶ አግኝታ ልትመልሰው ነው የመጣችው፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጠምዝዟል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። አዳራሹን አየች። ግድግዳውን የተጠጋውን ሰው አየች፤ ከመሃላቸው ጎረቤቶቻችን ነበሩ። በባዶ አግዳሚዎች መሃል የተቀመጠውን ወንድሟን አየች።

ከዚያ በመሃል መተላለፊያው ሄደች። እናቴ ሰው በተሰበሰበበት መሃል አቋርጣ የምትሄድ ሴት አልነበረችም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጥጓን ይዛ ነው የምትቆመው። ከአያ ታከለ አጠገብ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካው ተጠግታ ተቀመጠች። አላየችውም፤ ወደ እኔ ነበር የምታየው። እጇን ወደ ጎን ዘርግታ እሱ ገምጦ ከያዘው ጭብጦ ቆረሰች። ጎረሰች። ሁሉም እያያት አላመጠች፣ ዋጠች። እንደገና ቆረሰች።

ሰውዬው ጥቂት ቆሞ ሄደ።

ያን ጨዋታ ተሸነፍሁ። መክፈቻዬ የሚያኮራ ነበር፤ ንጉሤን ቶሎ ከግንቡ ጀርባ አስገብቼ፣ ሁሉንም አውጥቼ፣ ዳዊትን አጥብቤ ይዤው ነበር። ግን ዐይኔ ከሰሌዳው ይልቅ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበር፤ አንድ ፈረስ በከንቱ ሰጠሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መውደቅ ብቻ ሆነ። ዳዊት ሲጨብጠኝ ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አያ ታከለን በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላ በኩል እናቴ ይዘነው ነበር። በየጥቂቱ እየቆምን።

"ያቺ ትንሿ ወታደር" አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ "ሸጋ ነበረች። ፈረሱን ግን ምነው ሰጠሽው?"

"አያ፣ አንተን እያየሁ ነው።"

"እኔማ ከሰሌዳው ውጪ ነበርሁ" አለኝ።

ይኼን የሰማ ሰው ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን ተለወጠ ብሎ ያስባል። እኔም ጠብቄ ነበር። በማግስቱ ሳህኑ እንደ ወትሮው ለብቻው መጣ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። "ታከለ፣ ብላ።" መጫወቻዎቹም በበረኪና ታጠቡ። እናቴ ስለ አዳራሹ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም ልጠይቃት አልደፈርሁም። ተናድጄባት ነበር። አንድ ቀን የቻለችው ነገር በሌላው ቀን ለምን አቃታት እያልሁ።

ሰኔ ሲገባ አያ ታከለ ሞተ። ጠዋት ነበር፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። እድሩ ድንኳን ላከ፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ግን አልነበረም። መጥተው ከበሩ "እግዜር ያጥናችሁ" እያሉ ይመለሳሉ። የሚያጥበው ሰው ሲጠፋ አባቴ እጅጌውን ሰበሰበና በሩን ዘግቶ ብቻውን ገባ። ሲወጣ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ አስከሬኑን በማኪናው ጭኖ፣ እኛም ከፊት ተጨናንቀን ተቀምጠን፣ ወደ ድብ ባሕር ወጣን። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፤ ጎማው ጭቃው ላይ ይንሸራተታል። አባቴ መጥረጊያው ሲቆምበት በመስኮቱ እጁን አውጥቶ መስታወቱን ይጠርጋል። ዳገቱን ስንጨርስ የገጠር ዘመዶቻችን በዝናቡ ውስጥ ቆመው እየጠበቁን ነበር። እነሱ አላፈገፈጉም። ሳጥኑን ተረባርበው አወረዱት፣ ላዩ ላይ ወድቀው አለቀሱ። በሽታውን ሳያውቁ ይሁን አውቀው፣ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ በውድድር አልተጫወትሁም። የሒሳብ መምህር ሆንሁ። ተማሪ ቀመር በቃሉ ሲወጣልኝ ከየት እንደመጣ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ፤ ይሰለቹኛል። መድኃኒቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ደረሰ። ዛሬ አብራኝ የምታስተምር አንዲት ሴት ከምሳ በኋላ ኪኒኗን በውሃ ትውጥና ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። ሦስት ልጆች አሳድጋለች። አንዳንድ ጊዜ ስትውጥ አያታለሁ፤ ለምን እንደማያት ነግሬያት አላውቅም።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ማራኪ ነው የምትኖረው። ዐይኗ ደክሟል፣ ነገር ግን አእምሮዋ ሙሉ ነው። ያን ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሽንኩርቱን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥሁና፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ፣ ከአያ ታከለ ጋር የተቀመጥሽ ቀን፣ አልፈራሽም?"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

"ምነው አልፈራ? ፈርቼ ነው የተቀመጥሁት። ቤት ገብቼ አፌን በሎሚ አጠብሁት፤ ያን ክረምት ሙሉ ሞቴን ስጠብቅ ነበር። ይቺን ልጅ ለማን ልተዋት እያልሁ።"

እኔ ያኔ እናቴ ለአንድ ቀን ፍርሃቷ የለቀቃትና በማግስቱ የተመለሰባት መስሎኝ ነበር የተናደድሁት። አንድም ቀን አልለቀቃትም። ከፍርሃቷ ጋር ነው በዚያ መተላለፊያ የሄደችው።

ወደ ምስሯ የተመለሰች መሰለኝ፤ ጣቶቿ ግን አልለቀሙም።

"ጭብጦው ጨው አልነበረውም" አለች።

"ምን?"

"ፈርቼ አልቀምስለትም ነበር። ለብቻ ሠርቼ፣ ሳልቀምስ ነው የማኖርለት። ያን ቀን ስጎርሰው ነው ያወቅሁት። ያን ሁሉ ወር ያንን ሲበላ፣ እታለም ጨው ረሳሽ አላለኝም።"